ኑግ ሰፈር የቆላበት ዕለት

ሽታው ነው ቀድሞ የተቀበላት። ዘሊካ ከአንበሳሜ ወደ ወረታ በተዳረች ጊዜ፣ በበቅሎ ላይ ሆና፣ ፊቷ በሻሽ ተሸፍኖ፣ ሚዜዎች ከፊትና ከኋላ እየጨፈሩ የጉማራን ወንዝ ተሻግረው ሜዳው ላይ እንደ ወጡ፣ ከተማው ገና በዓይን ሳይታይ ነፋሱ አንድ ነገር ይዞ መጣ። የተቆላ ኑግ ነበር። ከኑጉ ጋር የሞቀ ፋጉሎ፣ ከፋጉሎው ጋር ደግሞ እሷ አሽትታው የማታውቀው የአንዳች እንስሳ ላብ። ከሻሿ ሥር እጇን ሰዳ አፍንጫዋን ያዘች።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች በሹክሹክታ።

በቅሎዋን የሚስበው የባሏ አጎት ዞር ብሎ ሳቀ። «ቤትሽ ነዋ!» አላት።

ያኔ እመት የሚለው ማዕረግ አልተቀጠለላትም፤ ዘሊካ ብቻ ነበረች። የመጀመሪያውን ሰሞን በለቅሶ አሳለፈችው። ልብሷን አጠበች፤ ልብሷ ኑግ ኑግ አለ። ፀጉሯን ታጠበች፤ ፀጉሯም ያንኑ አለ። ለአንበሳሜ ዘመዶቿም «ሰው አገባሁ ብዬ ሙቀጫ አግብቼ ኖሯል» ብላ ላከች ይባላል። ባሏ ሙህዲን ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ታገሺ» አላት። «ክረምት ሲገባ መጭመቂያው ይቆማል። ያኔ ምን እንደሚሰማሽ ትነግሪኛለሽ።»

ክረምት ገባ፤ መጭመቂያው ቆመ። ዝናቡ ሰፈሩን አጥቦ ሽታውን ወደ ሜዳው ወሰደው። ዘሊካ አንድ ቀን ጠዋት ከደጃፏ ወጥታ አየሩን ብትስብ የማንም አገር አየር ሆነባት። ሰው ቤት በእንግድነት ያደረች መሰላት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሽታ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ክፉ ቃል ያወጣውንም ሰው ምራው አታውቅም።

መጭመቂያውን ላላየ ሰው እንዲህ ነው። ከትልቅ ግንድ የተፈለፈለ፣ ወገብ የሚደርስ ሙቀጫ ከቤቱ መካከል ተተክሏል። ከሙቀጫው ውስጥ ወፍራም ዘነዘና ቆሟል፤ ዘነዘናው ከረጅም አግዳሚ ጋር ተያይዟል፤ አግዳሚውን ግመል እየዞረ ይጎትተዋል። ግመሉ ዙሪያውን ሲመላለስ ራሱ እንዳይዞርበት ዓይኑ በጨርቅ ይሸፈናል። ኑጉ በብረት ምጣድ ለብ ለብ ተደርጎ ተቆልቶ ይገባል፤ ትኩስ ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፤ ዘነዘናው እያቃሰተ ይዞራል። ቀስ በቀስ ከዚያ ከጥቁሩ ኑግ ላይ ዘይቱ እንደ ወለላ ማር እያብረቀረቀ ብቅ ይላል። ዘይቱ ተቀድቶ የሚቀረው ፋጉሎ ነው። የፎገራ ላም ፋጉሎ የቀመሰች እንደ ሆነ አላቢዋ ዕቃ ያጥራታል።

በዚያን ዘመን ወረታ በአፍንጫ የምትታወቅ ከተማ ነበረች። ከብት ገበያው እበትና አቧራ ነው፤ ቆዳ ተራው ጨውና እርጥብ ቆዳ፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ያለፈ ሰው በርበሬ ያስነጥሰዋል፤ ነፋስ ከሐይቁ በኩል የመጣ ዕለት የደረቀ ዓሣ ይሸታል። መጭመቂያው ያለበት ኑግ ሰፈር ግን ሁሉንም ይገዛቸው ነበር። ከጎንደር በአውቶቡስ የሚመጣ ተሳፋሪ እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ አፍንጫው ቀስቅሶት «ወረታ ደረስን» ይላል። ልጆች የተጣሉ እንደ ሆነም የኑግ ሰፈር ልጅ ስሙ «ፋጉሎ» ነው። እንዲህ ሲሰድቡት የሚስቅ ልጅ ነበር፤ የሚደባደብም ነበር፤ ዝም ብሎ በሆዱ የሚይዝም ነበር።

በኑግ ሰፈር እስላሙና ክርስቲያኑ አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው። ሥጋ ሲሆን ቢላዋ ይለያቸዋል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ዘይት ግን ቢላዋ የማይደርስበት ነገር ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል የቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች ኑጋቸውን በአህያ ጭነው፣ ቅላቸውን አንጠልጥለው ወደ ሙህዲን ቤት ይጎርፋሉ። ዘሊካ ሙቀጫውን በፈላ ውሃ አጥባ «ኑ እዩ» ትላቸዋለች። ማየት አያስፈልጋቸውም፤ ግን ወግ ነውና ያያሉ፤ «ንጹሕ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ። ለድካሙ ፋጉሎው ለቤቱ ይቀራል። ሙህዲንም በበኩሉ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ግመሉን አይጠምድም ነበር። «ደንበኞቼ ታቦት ሲያነግሡ የእኔ ሙቀጫ ቢያቃስት ነውር ነው» ይላል።

ሙህዲን የክረምቱ ውሃ መጉደል ከሚያመጣው ወባ አላመለጠም፤ በአንድ ጥቅምት ሞተ። ሐዘኑ ሲያበቃ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ጠበቀ፤ ባልቴቲቱ ግመሉን ሸጣ፣ ሙቀጫውን ለማገዶ ፈልጣ፣ አንበሳሜ ወደ ወንድሞቿ ትመለሳለች ተባለ። እሷ ግን ወገቧን በመቀነት አስራ ግመሉን ጠመደችው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡና «ዘሊካ፣ ሴት ግመል ትነዳለች ወይ?» ብለው ጠየቋት።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ግመሉን ጠይቁት» አለቻቸው።

ግመሉ ሱልጣን ይባል ነበር። ሱልጣን ቅሬታ የለኝም አለ መሰል፣ መዞሩን ቀጠለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘሊካ እመት ዘሊካ ሆኑ። አንድ ልጃቸው ቱርኪያም አድጋ፣ ተድራ፣ እናቷ በመጡበት መንገድ ወደ አንበሳሜ ሄደች።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ቀበሌ ተቋቋመ፤ አዳራሽ ተሠራ፤ ስብሰባ በዛ። የቀበሌው ሊቀመንበር የሆነው ደሳለው የዚያው የኑግ ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከእመት ዘሊካ ቤት ሦስተኛው አጥር ላይ ይኖራሉ። ልጁ ባሕር ዳር ተምሮ፣ ከዚያም የካድሬ ሥልጠና ወስዶ፣ ካኪውን ግጥም አድርጎ ለብሶ ተመለሰ። ሲሄድ ደሱ ነበር፤ ሲመለስ ጓድ ደሳለው። ዘመኑም ጓድ የተባለ ሰው በቀላሉ የሚታለፍበት አልነበረም። ከዚያ አዳራሽ ኋላ ያለችውን ጨለማ ክፍል ብዙ ሰው ለትንሽ ነገር አይቷታል፤ አይቷት ያልተመለሰም ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ስብሰባ ተጠራ።

«ጓዶች!» አለ ደሳለው። «እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍበት ሰፈር የአብዮቱ ሰፈር ሊባል አይችልም። ከዛሬ ጀምሮ በግለሰብ እጅ ያለው የኑግ መጭመቂያ ተዘግቷል። ኑግ ያለው ለማኅበሩ ያስረክባል፤ ማኅበሩ በሞተር ያስጨምቃል። የሰፈሩም ስም ከእንግዲህ ንቃት ሰፈር ነው።»

ጭብጨባ ታዘዘ፤ ተጨበጨበ። ጠላ ሻጯ ይታይሽ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ንቃት ምን ምን ይሸታል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እመት ዘሊካ አልሳቁም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«ሞተሩ የታለ?»

«በመምጣት ላይ ነው፣ ጓዲት ዘሊካ።»

«አባቴ ጓዲት የሚል ስም አላወጣልኝም። ሞተሩ በመምጣት ላይ ነው፤ ሁዳዴም በመምጣት ላይ ነው። ማን ቀድሞ ይገባል?»

«እርስዎን ምን ያገባዎታል? ሁዳዴ አይጾሙ!»

«እኔማ አልጾምም። እናትህ ትጾማለች።»

የደሳለው ፊት በርበሬ መሰለ። «ይስሙ» አለ፣ ጣቱን ቀስሮ። «ከግቢዎ የኑግ ሽታ የወጣ ዕለት ግመሉ ይወረሳል፤ እርስዎም ይጠየቃሉ። ማንም እንዲጠቁመኝ አልፈልግም፤ አፍንጫ አለኝ።»

«አፍንጫማ አለህ! እዚሁ ሰፈር ነው ያበቀልከው።»

«ደግሞስ ሱልጣን ብሎ ስም ምንድን ነው? በዚህ ዘመን የመሳፍንት ስም ለግመል?»

«ካልወደድከው ጓድ እንበለዋ!» አሉ እመት ዘሊካ፤ ቁጭም አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የግመሉ ስም በሰፈሩ ሰው አፍ ጓድ ሱልጣን ሆኖ ቀረ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ መጭመቂያው ግን ቆመ። ቁር በጸናበት በዚያ ወራት፣ ዘነዘናው ሊያቃስት በሚገባው ሰዓት ቤቱ ጭጭ አለ። ሱልጣን ጥግ ላይ ተኝቶ ያመነዥካል። እመት ዘሊካ ሙቀጫውን በእጃቸው ቢዳብሱት ደርቋል። ሽታው ከግድግዳው፣ ከጣሪያው ሣር፣ ከአጥሩ እንጨት ሳይቀር በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። በክረምት ሲጠፋ እንደሚመለስ ያውቁ ነበርና ግድ አልሰጣቸውም። አሁን ግን ሰው ነው ሂድ ያለው። ቱርኪያ ወሬው ደርሷት «እማ፣ ይተዉትና ወደ እኔ ይምጡ፤ እዚህ ማንም አይነካዎትም» ብላ ሰው ላከች። እመት ዘሊካ ለመልክተኛው «ሞቼ ብትወስደኝ ይሻላል፤ ያኔ ምንም አልሸትምና አልከብዳትም በላት» አሉት። መልክተኛው ይህን ለቱርኪያ አድርሶ እንደ ሆነ አይታወቅም።

ቅበላ በቀረበ ጊዜ ከቁሐር ሚካኤል አያ በላቸው ከጎረቤቶቹ ጋር አህዮቹን እየነዳ መጣ። ጥቁር ጭቃ የደረቀበት እግሩን ከደጃፍ እያራገፈ ቆመ፤ ቶሎ አልገባም።

«እመት፣ ተከልክሏል አሉን» አለ።

«ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«ሰምተን እንዳልሰማን ሆነን መጣን።»

«እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ተቀበልኳችሁ። አራግፉ!»

ስልቻዎቹ ተራገፉ። አያ በላቸው ግን ዓይኑን ከአጥሩ አላነሣም። «ሽታውን ምን እናደርገዋለን? የቀበሌው ሰው በአፍንጫው ነው የሚጠብቀው አሉ። ግመሉን ወደ እኛ እናሻግረውና ከጓሮ፣ ከሳሩ መሐል ደበቅ ብለን…»

«በላቸው!» አሉ እመት ዘሊካ። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲባል አልሰማህም? እኔ አልሰረቅሁም፤ አላጎነብስም። ነገ በጠራራ ፀሐይ፣ በሬን ከፍቼ ነው የምቆላው። ይውረሰው። ግን ሲወርሰው ሰው ሁሉ ያያል።»

ይታይሽ ከአጥሩ ወዲያ የጌሾ እንጨት ታደርቅ ነበር። ይህን ሁሉ ሰማች። ጌሾዋን ጥላ ወደ ጎረቤት ወጣች። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ስትል አመሸች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እመት ዘሊካ እሳት አቀጣጠሉ፤ ምጣዱን ጣዱ፤ የመጀመሪያውን ኑግ ቸለስ አደረጉ። ቆሉ፤ አገላበጡ። ልባቸው አልደነገጠም ማለት ውሸት ነው። ኑጉ ጠስ ጠስ ሲል እንጨት ሊያመጡ ወደ ደጅ ወጡ። ወዲያው ቆሙ።

አንድ ነገር አልጣማቸውም። ሽታው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከቀኝ በኩል የሚመጣው ያረረ ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ኑግ አሳርረው አያውቁም። ከማዶ የሚመጣው ሰሊጥ የተቀላቀለበት ነው። ቀና ብለው ቢያዩ ከየቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል፤ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም።

«ማናት ኑግ የምታሳርረው?» ብለው ጮሁ፣ ከልማድ ተነሥተው።

«እኔ ነኝ እትዬ!» አለች ይታይሽ ከአጥሩ ማዶ። «ጉንፋን ይዞኛል! የተቆላ ኑግ በማር ልጠጣ ብዬ ነው!»

«እሳቱን ቀንሺዋ! ያች የማዶዋስ?»

«እሷንም ይዟታል! እትዬ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጉንፋን ገብቶበታል። ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ አብረሽ ተወቀጪ አይደል የሚባለው? እኛ ደግሞ ሳንጠራ ነው የተገኘነው!»

እመት ዘሊካ እንጨቱን ታቀፉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠራረጉ፤ ጭሱ ነው አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ገብተው ሱልጣንን ጠመዱት።

ደሳለው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሳለ ነው የሸተተው። ብድግ አለ። የአብዮት ጥበቃውን አንለይን አስከትሎ እየተጣደፈ ወደ ሰፈሩ ገባ። መጀመሪያ የሸተተው ከይታይሽ ቤት ነው፤ ዘው ሲል እሷ ራሷን በሻሽ አስራ ትስላለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ኡሁ! ኡሁ! ጉንፋን ነው ጓድ። ቀረብ አይበሉ፣ ሊቀመንበር ቢታመም አብዮቱን ማን ይጠብቃል?»

ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደሚቀጥለው ገባ። እዚያም ኑግ፤ እዚያም ሳል። ሦስተኛው ቤት አንዲት አሮጊት ብርጭቆ አቀረቡለት። አራተኛው ቤት «ለልጆች ሆድ ነው» ተባለ። አፍንጫው የሰፈሩን አየር እየሳበ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ኑግ ከፊቱ፣ ኑግ ከኋላው፣ ኑግ ከላይ። አፍንጫዬን አምኜ ልፈርድ ቢል ሰፈሩን በሙሉ ማሰር ይገባዋል። አንለይ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ።

«ጓድ፣ እኔንም የያዘኝ መሰለኝ» አለ፤ ሊስቅ ፈልጎ ነው።

«ዝም በል! ወደ እናቴ ቤት! እሷ አትዋሸኝም!» አለ ደሳለው። የእናቱ ቤት ግን ተዘግቷል። ያን ጊዜ የዘነዘናው ማቃሰት ከእመት ዘሊካ ቤት በግልጽ ተሰማው። ማንም አልደበቀውም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሲገባ ሱልጣን ዓይኑ ተሸፍኖ ይዞራል። አያ በላቸው ስልቻ ያዘነብላል። እመት ዘሊካ ከሙቀጫው አጠገብ ቅል ይዘው ቆመዋል። ከግድግዳው ሥር ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቅላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልጃቸውን አይተው ቀና አላሉም።

«አንለይ፣ ግመሉን ፍታ!» አለ ደሳለው።

አንለይ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። «ጓድ… እኔ ግመል ነክቼ አላውቅም። ነገ ቅበላ ነው። የነፍስ አባቴ ቢሰሙ ምን እላቸዋለሁ?»

«ይህ የንቃት ጉድለት ነው!»

«ይሁን ጓድ። ንቃቴ ይጉደል፤ ቁርባኔ እንዳይጎድል።»

አያ በላቸው ፊቱን ወደ ስልቻው መለሰ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ደሳለው ራሱ ሄዶ ገመዱን ያዘ። ሱልጣን ቆመ፤ ዘነዘናው ቆመ። እመት ዘሊካ ቅላቸውን አስቀመጡ። የዚያ ቤት ዕድሜ ሁሉ በዚያ ገመድ ጫፍ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ያውቃሉ። ቢሆንም አልለመኑም።

«ውሰደው» አሉ። «ግን ዓይኑን ሳትገልጥለት አትውሰደው። ማን እንደ ወሰደው ይወቅ።»

ደሳለው ጨርቁን ገፈፈ። ግመሉ ረጅም አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ለማንም በማይቸኩል ዓይኑ ትክ ብሎ አየው። የሊቀመንበሩ እጅ ገመዱ ላይ ደረቀ።

«እትዬ ዘሊካ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ያ የአዳራሹ ድምፅ አልነበረም። «እርስዎ አያውቁትም። ባሕር ዳር ስማር አጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም። በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ ፋጉሎ ነበርኩ። ይህን ሽታ ከዚህ ሰፈር ባጠፋ ለልጆቻችሁ አይበጅም?»

«አውቀዋለሁ ልጄ» አሉ እመት ዘሊካ። ቃላቸው ለሰለሰ፤ አቋማቸው አልለሰለሰም። «ግን የሰደቡህ እነሱ፣ የሚታጠበው የእኛ ቤት ለምን ይሆናል? ለሰዳቢዎችህ አድረህ የመጣኸው ከማን ጋር ልትጣላ ነው? እኔ ይህን ሰፈር አላፍርበትም። አንተ ብታፍርበት ቀበሌህን ሌላ ቦታ ውሰደው።»

አንለይ እንዲህ ያለ ቃል ለሊቀመንበር ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ደሳለው ገመዱን እንደ ያዘ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ ተነሽ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ማኅበሩ ዘይት ያመጣልሻል።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ወደ በሩ ግን አልሄዱም። በልጃቸው ትከሻ በኩል አልፈው ቅላቸውን ወደ እመት ዘሊካ ዘረጉ።

«ቅጂልኝ ዘሊካ» አሉ። «ሁዳዴን በመመሪያ አልጾመውም።» ከዚያ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። «አንተ ደሱ፣ እልፍ በል እስቲ። ብርሃኑን ከለልከን።»

ደሳለው እልፍ አለ። ገመዱ ከእጁ ወርዶ መሬት ላይ ወደቀ። እመት ዘሊካ ሳይቸኩሉ የሱልጣንን ዓይን መልሰው ሸፈኑ፤ ዘነዘናው አንድ ጊዜ አቃስቶ መዞር ጀመረ፤ ዘይቱ ወደ ጸሐይነሽ ቅል መውረድ ጀመረ። ሊቀመንበሩ ያን ዘይት ሲወርድ ለጥቂት ጊዜ አየና፣ አንለይንም ሳይጠራ፣ እናቱንም ሳይሰናበት፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጥቶ ሄደ።